የማሽኑ ምስክርነት የት ይቀመጣል?



ከዓመታት በፊት በኃላፊነቴ ሥር የነበረ አንድ ሰርቨር ሌሊቱን ሥራ አቁሞ አደረ። ጠዋት አጥፍተን ስናበራው ተነሣ፤ የቆመበትን ምክንያት ግን ልናገኝ አልቻልንም። የሥርዓቱ መዝገብ፣ በተለምዶ ሎግ የምንለው፣ ይጻፍ የነበረው በራም ላይ ነበርና ማስረጃውን በገዛ እጃችን ደምስሰነዋል።

ይህ አደጋ እንደ ፍላትካር ባሉ፣ ኮንቴይነር ለማሄድ ብቻ በተሰናዱ አነስተኛ የሊኑክስ ሥርዓተ ክወናዎች ላይ ልዩ ትኩረት ይሻል። በእነዚህ ላይ የሥርዓቱን መልእክቶች የሚሰበስበው ጆርናልዲ ነው። «ኦቶ» በተባለው ቅንብር፣ በቫር ሥር፣ በሎግ ውስጥ፣ ጆርናል የተባለ ፎልደር ካለ በዚያ ይጽፋል፤ ከሌለ ግን በራም። «ፐርሲስተንት» ብለን ስናዘው ፎልደሩን ራሱ ፈጥሮ መዝገቡን በዲስክ ያኖራል። ማሽኑ ከኔትወርክ ተነሥቶ ሙሉ በሙሉ በራም ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን ይህም አያድነንም፤ መዝገቡን ወደ ሌላ ማሽን መላክ ግድ ይላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የኮንቴይነሮቹ መዝገብ ነው። ዶከር በመነሻ ቅንብሩ የእያንዳንዱን ኮንቴይነር ሎግ በጄሰን ፋይል ያስቀምጣል። ፋይሉ የመጠን ገደብ የለውም፤ ዲስክ እስኪሞላ ሊያድግ ይችላል። ኮንቴይነሩ ሲሰረዝም አብሮ ይሰረዛል። የዶከርን ሎግ ወደ ጆርናልዲ ብንመራው መዝገቡ ከኮንቴይነሩ ዕድሜ ይሻገራል። ጆርናልዲ ደግሞ ካልተለወጠ በቀር ከፋይል ሥርዓቱ 10 በመቶ፣ ቢበዛም ከ4 ጊጋባይት በላይ አይወስድም፤ ቦታ ሲጠበው አሮጌውን ያስወግዳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ መቼ ይወሰን? በፍላትካር ማሽኑን የሚያዋቅረው ኢግኒሽን የሚሠራው በመጀመሪያው ማስነሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝና ወዴት እንደሚላክ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት በኢግኒሽን ፋይሉ ውስጥ መስፈር ይኖርበታል። ከብልሽት በኋላ የሚደረግ ቅንብር ለቀጣዩ ብልሽት ይረዳ ይሆናል፤ ላለፈው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ተማሪዎቼን የምመክረው አንድ ፈተና ነው፦ ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሡ፤ ከዚያም የትናንቱን መዝገብ ፈልጉ። ካላገኛችሁት ሥራው ገና አልተጠናቀቀም።