የተቀረጸ ድምፅና ሕያው ሙያ



መሐንዲስ ሥራውን ከሚመዝንባቸው ሚዛኖች አንዱ ዘላቂነት ነው። ድልድይ፣ የሠራው ሰው ካለፈ በኋላም ጸንቶ እንዲቆም ይፈለጋል። የሙዚቀኛ ሥራ ግን በባሕርዩ አላፊ ነው፤ አውታሩ መርገብገቡን ባቆመ ጊዜ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። የድምፅ መቅረጫ ጥበብ ይህን አላፊ ነገር ለማቆየት በመቻሉ አንድ ከባድ ጥያቄ ተወለደ። ድምፁ በሸክላ ላይ ከተቀመጠ ዘንድ ተጫዋቾቹ በሕዝብ ፊት መቅረባቸው ስለምን ያስፈልጋል? ለመልሱ የአንድ አነስተኛ ኦርኬስትራ ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የታላቅ ኦርኬስትራ ተጫዋቾች ቁጥር እስከ መቶ ሲደርስ፣ ቻምበር ኦርኬስትራ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከአርባ በማይበልጡ ሰዎች ይቋቋማል። በ1958 ኔቪል ማሪነር የተባለው የቪዮሊን ተጫዋች ለንደን ውስጥ ጥቂት የአውታር መሣሪያ ተጫዋቾችን ሰብስቦ እንዲህ ያለ ጓድ መሠረተ። ልምምዱ ይደረግ የነበረው በማሪነር መኖሪያ ቤት ነው። የመጀመሪያው ኮንሰርት ኖቬምበር 13 ቀን 1959 በትራፋልጋር አደባባይ ዳር በሚገኘው በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ቀረበ። ጓዱም «አካዳሚ ኦፍ ሴንት ማርቲን ኢን ዘ ፊልድስ» የተባለውን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ጓዱ ሲመሠረት ፊት ለፊት ቆሞ በዘንግ የሚመራው ሰው አልነበረውም። ማሪነር ራሱ ቪዮሊኑን እየተጫወተ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ይመራ ነበር። በእንዲህ ያለው አሠራር እያንዳንዱ ተጫዋች የጎረቤቱን ድምፅ ማዳመጥ ግድ ይሆንበታል። በመቶ ሰው መካከል የአንዱ ስሕተት ሊሸፈን ይችላል፤ በአሥራ አምስት ሰው መካከል ግን ወዲያው ይሰማል። ስለዚህ ኃላፊነቱ ለአንድ አለቃ የሚተው ሳይሆን ለሁሉም የተከፋፈለ ነበር።

የዘመኑ ቴክኒክም ለዚህ ዓይነቱ ጓድ የተመቸ ሆነ። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው አሮጌው ሸክላ በአንድ ገጹ ከአምስት ደቂቃ ያህል በላይ ስለማይዝ ድርሰቱ እየተቆራረጠ ይቀረጽ ነበር። በ1948 የወጣው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ ከሃያ ደቂቃ በላይ ያዘ። በ1958 ደግሞ የግራውንና የቀኙን ድምፅ ለይቶ የሚያሰማው ስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ ቀረበ። አርባ ደቂቃ ያህል የሚፈጀው የቪቫልዲ «አራቱ ወቅቶች» ሙሉ በሙሉ በአንድ ሸክላ ሊገባ ቻለ። አካዳሚው ይህንን ድርሰት በ1969 ከቪዮሊን ተጫዋቹ ከአለን ላቭዴይ ጋር ቀረጸ። በ1982 ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር የሚመዘግበው ኮምፓክት ዲስክ ሲመጣም ሥራው ቀጠለ። በ1984 የወጣውን «አማዴዎስ» የተሰኘውን ፊልም ሙዚቃ የተጫወተው ይኸው ጓድ ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ገብቶ የማያውቅ ሕዝብ ሁሉ ሞዛርትን ለመስማት በቃ። የጓዱ ቅጂዎች ከአምስት መቶ በላይ መድረሳቸው የመቅረጫው ጥበብ የቱን ያህል ሩቅ እንዳደረሰው ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ቅጂ የራሱ ወሰን አለው። በመቅረጫ ክፍል ውስጥ አንድ ምዕራፍ ደጋግሞ ይጫወቱታል፤ የተበላሸው ተቆርጦ ይጣላል፤ የተሻለው በቦታው ይቀጠላል። አድማጩ እጅ የሚደርሰው እንግዲህ የብዙ ሙከራ ምርጥ ነው። በሕዝብ ፊት ግን ሁለተኛ ሙከራ የለም። አዳራሹ ድምፁን በራሱ መንገድ ይመልሳል፤ ተጫዋቹም በዚያው ቅጽበት ፍጥነቱንና ጉልበቱን ከዚያ ጋር ማስማማት አለበት። ጓዱን ጓድ የሚያደርገው የመደማመጥ ልማድ የሚገኘውና የሚታደሰው በዚህ ፈተና ነው። ማይክሮፎኑ ይህን ልማድ ይመዘግባል እንጂ አይፈጥረውም።

ከዚህም በላይ ሸክላ ሊገዛ የማይችል ሰው አለ። አካዳሚው በለንደን መጠለያ ላጡ ሰዎች የሙዚቃ ትምህርት መስጠቱ፣ ሙዚቀኛው በአካል ሲገኝ ብቻ የሚፈጸም አገልግሎት መኖሩን ያሳያል።

ማሪነር በ92 ዓመቱ በ2016 አረፈ። ቅጂዎቹ እስከ ዛሬ ይደመጣሉ። ነገር ግን ጓዱን ያስቀጠሉት ቅጂዎቹ ብቻ አይደሉም። እርሱ ወደ ዘንግ መሪነት ካዘነበለ በኋላ በ1974 አዮና ብራውን፣ በ2011 ደግሞ ጆሹዋ ቤል፣ ሁለቱም የቪዮሊን ተጫዋቾች፣ ከተጫዋቾቹ መካከል ሆኖ የመምራቱን ልማድ ተረከቡ። ይህም ከሰው ወደ ሰው፣ አብሮ በመሥራት የተላለፈ ነው።

በምሕንድስናም ነገሩ ይኸው ነው። ፕላኑ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ የሥራ መመሪያውም ይታተማል። ሆኖም ፕላኑን አንብቦ በሥራ ላይ የሚያውል፣ የጎደለውንም የሚያስተውል ባለሙያ ከታላላቆቹ ጎን ቆሞ ካልተማረ፣ የተቀመጠው ወረቀት ብቻውን ግድግዳ አያቆምም። ማኅበሩ ለመዛግብቱ ጥበቃ የሚያወጣውን ያህል ወጣት ባለሙያዎች ከነባሮቹ ጋር በአንድ ሥራ ላይ እንዲሰለፉ ለማድረግ ሊተጋ ይገባዋል።