ምላሱ የተቆረጠ ሰው ይግባኝ አይልም
(በአንድ የታሪክ ውይይት ላይ ያደረግሁት ንግግር)



የሃይማኖት ችሎት ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ ወደ ስፔን ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ1478 የተቋቋመው ኢንኩዊዚሽን፣ እሳቱ፣ ግርፋቱ ትዝ ይለናል። እኔ ግን ዛሬ ባሕር አላሻግራችሁም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ደብረ ብርሃን እንወርዳለን።

የከተማዋን ስም ሁላችንም እንጠራዋለን። ብርሃኑ ከየት መጣ ብለን የጠየቅን ግን ስንቶቻችን ነን? እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ይነግረናል። ንጉሡ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት ምላስና አፍንጫ አስቆርጠው በድንጋይ አስወገሯቸው። ከ38 ቀን በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ። ፈጣሪ ፍርዳቸውን እንደወደደላቸው ቆጠሩትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት። ብርሃኑ በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉም አሉ።

ክሱ ምን ነበር? ለእመቤታችንና ለመስቀል አልሰገዱም የሚል ነው። የአጋሜው ሰው አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቻቸው ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ታዲያ ለንጉሡም አንሰግድም አሉ! እንግዲህ ፍረዱኝ። የተነካው ንጉሥ፣ ከሳሹ ንጉሥ፣ ፈራጁም ንጉሥ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር ማን ለማን ይጮኻል?

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራ ሰው አልነበሩም። ሊቅ ናቸው፤ ደራሲ ናቸው። ቅዳሜን እናከብራለን በማለታቸው ለመቶ ዓመት ያህል ሲወገዙና ሲሳደዱ የኖሩትን የአባ ኤዎስጣቴዎስን ልጆች በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። ትናንት ውግዘት ያመጣው ትምህርት በአንድ ጉባኤ ሥርዓት ሆነ። አያችሁ! መነጋገር ይቻል ነበር። ለደቂቀ እስጢፋኖስ ግን ድንጋይ ተረፋቸው።

እሳቱ እዚያ ቢበርድ ጥሩ ነበር። ግን ሰው በሃይማኖቱ የሚጠቆምበት ዘመን ከመጣ ጠቋሚ አይጠፋም። ደስክና ዲኖ የሚባሉ ጣዖታትን አመለኩ ተብለው የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ ተከሰሱ፤ በአባታቸው ትእዛዝም ተቀጡ፤ ከቅጣቱ የተነሣ የሞቱም ነበሩ። ቤተ መንግሥት የተከለው ወሬ ዞሮ ቤተ መንግሥት ገባ።

እኔ እዚህ የቆምኩት ስለ ስግደት ልፈርድ አይደለም። ያንን ለሊቃውንት እተዋለሁ። መነኮሳቱ ተሳስተው ይሆናል፤ ንጉሡም በነገረ መለኮቱ ልክ ይሆናሉ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ልክ የሆነ ሰው የባላጋራውን ምላስ ምን አስቆረጠው? ምላሱ የተቆረጠ ሰው እኮ ይግባኝ አይልም!

ግን ብራና ይናገራል። ጉንዳ ጉንዴ ገዳማቸው መጻሕፍቱን ይዞ ዘመን ተሻገረ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚያን አባቶች ገድል ወደ አማርኛ መልሰው በ1996 ዓ.ም. አሳተሙልን። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ የከሳሹን ቃል ብቻ ስንሰማ ኖረን የተከሳሹን ቃል ያነበብነው ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

አገራችን ጥንት አንድ ጩኸት ነበራት። መንገደኛውም ባላገሩም ሲሰማው ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ለጉልበተኛውም ለተገፋውም እኩል የሚሠራ ጩኸት ነው። እኔም በእሱ ላብቃ።

በሕግ አምላክ!