ስክሪን የሌለው ኮምፒውተራችን

(በሬሆቮት፣ ሄርዝል ጎዳና፣ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በማኅበሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ ማውስ የለው፤ የመብራትና የኢንተርኔት ገመድ ብቻ ተሰክቶበታል። እናቶች «ይኼ የተበላሸ ነገር ለምን አይጣልም?» ይሉናል። አልተበላሸም። ከኢትዮጵያ ይዛችሁ የመጣችኋቸው ፎቶግራፎች፣ እናንተ ተርካችሁልን በአማርኛ የጻፍነው የጉዞ ታሪክም ያለው እኮ እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚሁ ጎዳና ወደ ሰሜን ብንሄድ የቫይስማን ተቋም አለ። የእስራኤል የመጀመሪያው ኮምፒውተር ቫይዛክ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 የተሠራው እዚያ ነው፤ እስከ 1963 መጨረሻም አገልግሏል። ሰዎች ያናግሩት የነበረው በተበሳ ወረቀት ነበር። ሐይም ፔከሪስ የዓለም ውቅያኖሶችን ሙላትና ጉድለት ያሰላው በሱ ነው።

ታዲያ የኛን እንዴት እናየዋለን? የተጫነበት ሊኑክስ ነው። በኤስኤስኤች ገብቶ ትእዛዝ እየጻፉ መሥራት ይቻላል፤ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ። አባቶች ይህን ሲያዩ «ልጄ የሰው ኮምፒውተር እየሰበረ ነው ወይ?» ብለው ይደነግጣሉ። አይደለም፣ የራሳችን ነው። ግን ፎቶ እያዩ መደርደር በጽሑፍ ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላል ዴስክቶፕ ጫንን። ግኖም ያምራል፣ ግን 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ላለው ማሽን ይከብዳል፤ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲገባማ አይቻልም። ከሱ ጋር ታይገር ቪኤንሲን አደረግን። ማሽኑ የሌለውን ስክሪን እንዳለ ቆጥሮ ምስሉን ይሥላል፤ ምስሉን ወደ ቤታችን ይልካል፤ እኛ የምንነካውንና የምንጽፈውን ይቀበላል። ሥራው ሁሉ እዚያ ስለሚሠራ ቤት ያለው ላፕቶፕ ያረጀ ቢሆንም ግድ የለም። ላፕቶፑ ቢጠፋም የከፈትነው ጽሑፍ እንደተከፈተ ይጠብቀናል።

የአማርኛ ፊደል አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ የሚታያችሁ ልጆች፣ ፊደሉ የሚጫነው በላፕቶፓችሁ ሳይሆን በማሽኑ ላይ ነው፤ ምስሉ የሚሣለው እዚያ ነዋ! አቢሲኒካ የሚባለው ፊደል በነፃ ይገኛል።

አሁን ዋናው ነገር። የኛ ቪኤንሲ የመጀመሪያው በር 5901 ነው። እሱን ለኢንተርኔት ክፍት መተው ቤትን ከፍቶ እንደመተኛት ነው፤ የተለመደው የቪኤንሲ የይለፍ ቃል ከ8 ፊደል በላይ ያለውን አይቆጥርም፣ የሚልከውም ምስል አይመሰጠርም። ስለዚህ ቪኤንሲ ከማሽኑ ውስጥ ብቻ እንዲሰማ አድርገን፣ በኤስኤስኤች ዋሻ እናሳልፈዋለን። ከውጭ የሚታየው የኤስኤስኤች በር ብቻ ነው፤ እሱም የሚከፈተው በቁልፍ ፋይል እንጂ በይለፍ ቃል አይደለም። ቁልፉን ለጓደኛ ማዋስ አይቻልም፤ የሰው ቤተሰብ ታሪክ ነው ያለው።

አንድ ጉድለት አለው፦ ቪኤንሲ ምስል እንጂ ድምፅ አያመጣም። የአያቶቻችንን የድምፅ ቅጂ ለመስማት ፋይሉን ወደ ላፕቶፕ መገልበጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ቅጂ የምናስቀምጥበት ዲስክም እንፈልጋለን። ቤታችሁ የማትጠቀሙበት ካለ ከፎቶዎቹ ጋር ይዛችሁልን ኑ።