ቃናና ድባብ በዘመናዊው የአፍሪካ ግጥም



ግጥም ስናነብ ሁለት ነገሮች ይምታቱብናል። አንደኛው ቃና ነው፤ ይኸውም ተናጋሪው ለጉዳዩና ለአድማጩ ያለው አቋም፣ ማክበሩ፣ መቆጣቱ ወይም ማሽሟጠጡ ነው። ሁለተኛው ድባብ ነው፤ ይኸውም ንግግሩ በሰሚው ልብ ላይ የሚያጠላው ስሜት ነው። በሙያችን አነጋገር ቃና በአግዳሚው ላይ የሚያርፈው ጭነት፣ ድባብ ደግሞ የአግዳሚው መጉበጥ ነው ቢባል ያስኬዳል። የተያያዙ ቢሆኑም አንድ አይደሉም።

ልዩነቱን ለመረዳት የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ለቅሶ ማስተዋል ይበቃል። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ጀግንነት፣ ለጋስነትና የዘር ሐረግ ታወድሳለች። ቃናዋ የኩራት ነው፤ የለቅሶው ድባብ ግን ሐዘን ነው። እንዲያውም ኩራቱ ከፍ ባለ መጠን ሐዘኑ ይጠልቃል፤ የጎደለው ሰው የሚለካው በውዳሴው ነውና።

በጽሑፍ ግጥምም ነገሩ እንዲሁ ነው። መንዝ ተወልደው በ1991 ዓ.ም. ያረፉት ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» የመረጡት ቃና የመካሪ አባት ነው፤ ቤት የሚመታው ስንኝ ረጋ ብሎ ስለሚሄድ ተግሣጹ እንኳ አያስደነግጥም። እዚህ ቃናና ድባብ ይስማማሉ። የዩጋንዳው ኦኮት ፒቢቴክ ግን እ.ኤ.አ. በ1966 በታተመው «የላዊኖ መዝሙር» ሁለቱን ያለያያቸዋል። ተናጋሪዋ ላዊኖ፣ የተማረ ባሏ የአውሮፓን ልማድ ወዶ የናቃት የአቾሊ ሴት ናት። ትወርፋለች፣ ታሾፋለች፤ አንባቢውም ይሥቃል። ሣቁ ሲያበቃ የሚቀረው ድባብ ግን የተማረ ልጁን ያጣ ቀዬ ሐዘን ነው።

ይህ ለመሐንዲስ ምን ይረባዋል? እኛም የተማርን ነን። መንገድ ወይም የውሃ መስመር ልንቀይስ ወደ ደጋው ስንወጣ፣ አንድ ሽማግሌ «እናንተ ካላችሁ መልካም ነው» ሊሉን ይችላሉ። ቃሉ ፈቃድ ነው፤ ቃናው ግን አክብሮት የለበሰ ቅሬታ ሊሆን ይችላል። ቃለ ጉባኤያችን «ተስማምተዋል» ብሎ ቢዘጋ፣ ማሳቸውን የምናቋርጠው ከተናገሩት ግማሹን ብቻ ሰምተን ነው።

ስለዚህ ግጥም ስናነብ ሦስት ጥያቄዎችን እንልመድ፤ የሚናገረው ማን ነው? ለማን ይናገራል? ንባቡ ሲያልቅ በልባችን የቀረው ስሜት ከቃሉ ጋር ይስማማልን? «መልካም ነው» ያሉንን ሽማግሌ ደግመን የመጠየቅ ትዕግሥት ከዚህ የሚገኝ ከሆነ፣ ግጥም ማንበብ ከሙያችን ውጭ ነው ሊባል አይችልም።