ደብዳቤሽ የት ይደርሳል?

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በገንዘብ ያዥዋ የቀረበ ንግግር



እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ስለ አድራሻ እንድናገር የተጠየቅሁት የአባላቱን መዝገብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ነው። ቤት ስትቀይሩ የዕቁቡ መልእክት እንዳያመልጣችሁ ቶሎ ትነግሩኛላችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። «ለኢሚግሬሽንስ አሳውቀሻል?» ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ፖስታ ቤት ነግሬያለሁ» የሚል ነው። ፖስታ ቤት መንገር አይበቃም። ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

አሜሪካ የገባሁት በዲቪ ነው። ያረፍኩት ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት ነበር፤ ግሪን ካርዴ እንዲላክልኝ የሰጠሁትም የእሷን አድራሻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አሌክሳንድሪያ ሥራ አገኘሁና ከጓደኛዬ ጋር ክፍል ተከራየሁ። ፖስታ ቤት ሄጄ ደብዳቤዬ ወደ አዲሱ ቤት እንዲዞርልኝ አስመዘገብኩ፤ በቃ ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ።

የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ቤት ከቀየረ ተከትሎት አይሄድም፤ ወደ ላኪው ይመለሳል። ካርዴም እንደዚያው ተመለሰ። አክስቴ ቤት እንኳ እንዳይደርስ ያደረገው የእኔው ምዝገባ ነው። የተመለሰ ካርድ ደግሞ ባለቤቱ በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ትክክለኛ አድራሻውን ካልሰጠ ይወገዳል። እኔ «ይዘገያል እንጂ መምጣቱ አይቀርም» እያልኩ ቀኑን አሳለፍኩ። እንደገና ማመልከት፣ እንደገና መክፈል፣ እንደገና መጠበቅ መጣ። በዚያው መሃል አባቴ አዲስ አበባ አረፈ። ብወጣ መመለሴን ስላላመንኩ ለቀብሩ አልሄድኩም። ፓስፖርት ላይ ጊዜያዊ ማህተም መጠየቅ እንደሚቻል የሰማሁት አርባው ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። እንደ ዲፕሎማት ካሉ ጥቂቶች በቀር፣ ዜግነት ያልወሰደ ነዋሪ ሁሉ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ ቤት በቀየረ በ10 ቀናት ውስጥ አዲሱን አድራሻ ማሳወቅ አለበት። ፎርሙ ኤ አር 11 ይባላል፤ ክፍያ የለውም። ዜጋ ላልሆነ ልጅም ለየብቻው ይሞላል። ያላሳወቀ ሰው በገንዘብ ሊቀጣ፣ እስከ 30 ቀን ሊታሰር ወይም ሁለቱም ሊፈረዱበት እንደሚችል ሕጉ ይላል። ሆን ብሎ እንዳላደረገው ወይም በቂ ምክንያት እንደነበረው ካላስረዳም ከአገር ለመባረር ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ላስፈራራችሁ አይደለም። በዚህ ብቻ የታሰረ ሰው እኔ አላውቅም። ሲጎዳ ያየሁት ቅጣቱ ሳይሆን ያልደረሰው ደብዳቤ ነው። የአሻራ ቀጠሮ፣ የቃለ መጠይቅ ጥሪ፣ «ተጨማሪ ማስረጃ አምጪ» የሚል ወረቀት ሁሉም ቀን አላቸው። ቀኑ ሲያልፍ ማመልከቻው እንደተተወ ተቆጥሮ ሊዘጋ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው የፍርድ ቤቱ ነው። አንዲት እህታችን ታሪኳን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች። የጥገኝነት ጉዳይዋ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ነበር። ቤት ስትቀይር ኤ አር 11 በጊዜው ሞላች፤ ያደረገችው ትክክል ነበር። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የራሱ ፎርም አለው፤ ኢ ኦ አይ አር 33 ይባላል። የሚሰጠውም ጊዜ 5 የሥራ ቀናት ብቻ ነው፤ ቅጂውም ለመንግሥት ጠበቃ ይላካል። እሷ ይህን አላወቀችም። የቀጠሮዋ ቀን ሲቀየር ደብዳቤው የድሮው ቤት ሄደ። እሷ በሌለችበት ከአገር እንድትወጣ ተፈረደባት። ሕጉ የሚያየው መጨረሻ ለፍርድ ቤቱ በሰጠሽው አድራሻ መላኩን ነው፤ «አልደረሰኝም» ማለት ብቻውን አያድንም። ዛሬም ፋይሉን ለማስከፈት ከጠበቃ ጋር እየለፋች ናት።

ዜግነት የወሰዳችሁ እህቶችም «እኔን አይመለከተኝም» እንዳትሉ። እናቷን ወይም ባሏን ለማምጣት የድጋፍ ቃል የፈረመች ስፖንሰር፣ ግዴታው እስካለባት ድረስ፣ ቤት በቀየረች በ30 ቀናት ውስጥ አይ 865 በሚባል ፎርም ማሳወቅ አለባት። ካላሳወቀች ከ250 እስከ 2,000 ዶላር ልትቀጣ ትችላለች።

በሴቶች ማኅበር ውስጥ ሳላነሳው የማላልፈው ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቻችን የምንጀምረው በሰው ቤት ነው፤ በዘመድ ቤት፣ በአሠሪ ቤት፣ በባል ቤት። የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ነው። ስማችን ሳጥኑ ላይ ስለሌለ፣ ወይም የአፓርትመንት ቁጥሩን ስለዘለልነው ብቻ ደብዳቤ ይመለሳል። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ የወጣች እህት ደግሞ ደብዳቤዋ እሱ እጅ ሲገባ ሌላ አደጋ ነው። እንዲህ ያለ ችግር ያለባት ፎርም ከመሙላቷ በፊት ጠበቃ ታማክር። በጥቃት ምክንያት ያመለከተች ሴት ጉዳይ በምስጢር እንዲያዝ የሚያዝ ሕግ አለ፤ አድራሻዋም በተለየ መንገድ ነው የሚቀየረው።

«10 ቀኑ አልፎኛል፤ አሁን ባሳውቅ ራሴን ማጋለጥ አይሆንም ወይ?» የምትል ትኖራለች። መልሴ ዛሬውኑ አሳውቂ ነው። ዘግይቶ ማሳወቅ ጨርሶ ካለማሳወቅ ይሻላል። የገባሽበትን ትክክለኛ ቀን ጻፊ፤ መዘግየትን ለመሸፈን የውሸት ቀን መጻፍ ትንሹን ጥፋት ትልቅ ማድረግ ነው። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለሽ ግን ጠበቃሽን አስቀድሚ። «ፎርም እሞላለሁ» ብሎ ለነጻ ፎርም ገንዘብ ለሚጠይቅ አትክፈሉ።

በኦንላይን አካውንታችሁ ብትሞሉት በሂደት ላይ ላለው ማመልከቻም አድራሻውን መቀየር ይቻላል። በወረቀት ሞልታችሁ በፖስታ ከላካችሁት ግን ማመልከቻው ላይ ያለው አድራሻ በዚያ ብቻ አይለወጥም። ማረጋገጫው ሲመጣ አትማችሁ አስቀምጡ። በሙያዬ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ እንዳልተከፈለ ነው፤ ይህም እንደዚያው ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አዲስ አድራሻ ስትሰጡኝ በመዝገቤ ላይ ሁለት ጥያቄ እጨምራለሁ፤ «ለኢሚግሬሽን ተነግሯል? የፍርድ ቤት ጉዳይ ካለ ለፍርድ ቤቱስ?» ጉዳያችሁን አልጠይቅም፤ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው የምጽፈው። ወዳጆቻችን በሰጡን ሁለት ላፕቶፖች ከዕቁቡ ዕጣ በኋላ ጥግ ላይ እንቀመጣለን። እንግሊዝኛው የሚከብዳት እናት ካለች እናነብላታለን፤ አብረናት እንሞላለን። ሥራው የቡና ስኒ እስኪቀርብ የሚያልቅ ነው።

እኔ ያንን ትንሽ ጊዜ ባለመስጠቴ አባቴን ሳልቀብር ቀርቻለሁ። እናንተ ግን ሳይቃጠል በቅጠል በሉ።