የከባድ መኪናና የተሳቢው ማያያዣ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በጭነት መኪናና በተሳቢው መካከል ስለሚገኝ አንድ ብረት ነው። ይህ ብረት ከጭነቱ ጋር ሲመዛዘን ክብደቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይሁን እንጂ ሃያ ወይም ሠላሳ ቶን የሚመዝነው ተሳቢ መኪናውን በሰላም ተከትሎ መሄዱ፣ ወይም ከመኪናው ተለይቶ በሰው ላይ መውጣቱ የሚወሰነው በእርሱ ጤንነት ነው።

«ይህ የሹፌርና የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ በቢሮ ለሚሠራ ሰው ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የመንግሥት ዕቃ እንዲጓጓዝ ውል የሚያዘጋጀው፣ የመጫኛ ትእዛዝ የሚጽፈው፣ በወረቀቱም ላይ ፊርማውን የሚያኖረው የቢሮ ሠራተኛ ነው። እርሱም ቢሆን ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ አዳማ ሲጓዝ፣ ከፊቱና ከኋላው የሚሄደው ተሳቢ በምን እንደ ተያዘ ማወቅ ይገባዋል።

ለዚህ ነገር ከገላን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ገላን ከአቃቂ ቀጥሎ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የፋብሪካና የመጋዘን ከተማ ስትሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ሰበታ፣ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ሁሉ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልላለች። ቀድሞ ኤንትሬ የሚባለው ፊያት ተሳቢውን አስከትሎ ወደ አሰብ ሲመላለስ ያለፈው በዚሁ በኩል ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ተከፍቷል፤ በ2016 ደግሞ አዲሱ የባቡር ሐዲድ ተመርቋል። ይህም ሁሉ ሆኖ ከጣቢያ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘንም ወደ ፋብሪካ ዕቃውን የሚያደርሰው የጭነት መኪና ነው። ከባሕር ጠለል የተነሣ መኪና ገላን እስኪደርስ ድረስ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ዳገት ማያያዣው ሲሳብ ይውላል፤ በመልሱ ቁልቁለት ደግሞ ሲገፋ ይውላል።

እንግዲህ ማያያዣው ደኅና መሆኑ በምን ይታወቃል?

አንደኛ፤ ዐቅሙ ከጭነቱ ጋር መመጣጠኑን ማየት ነው። በማያያዣው ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ በእርሱም ላይ «ዲ» ከሚለው የላቲን ፊደል አጠገብ በኪሎ ኒውተን የሚለካ ቁጥር ተጽፏል። በራሱ የፊትና የኋላ ጎማ ለሚቆም ተሳቢ ስሌቱ ቀላል ነው። የመኪናውንና የተሳቢውን ክብደት ከነጭነታቸው በቶን ወስዶ ማባዛት፣ ውጤቱን ለሁለቱ ድምር ማካፈል፣ ከዚያም በ9.81 ማባዛት ነው። መኪናው 20 ቶን፣ ተሳቢውም 20 ቶን ቢሆኑ 98.1 ይወጣል፤ ስለዚህ 100 የተጻፈበት ማያያዣ ይበቃቸዋል። ነጋዴው «ጥቂት ይጨመር» ብሎ ተሳቢውን 30 ቶን ቢያደርሰው ግን ስሌቱ ወደ 118 ይጠጋል። ማያያዣው አዲስ ቢሆን እንኳ ያ ጭነት የእርሱ አይደለም።

ሁለተኛ፤ መበላቱን መመርመር ነው። የተሳቢው መጎተቻ ቀለበትና በውስጡ የሚያልፈው ፒን ሲፋተጉ ይበላሉ፤ በመካከላቸውም ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ ሲሰፋ፣ ፍሬን በተያዘና ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ተሳቢው ማያያዣውን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ሰሚ ትሬለር በሚባለው ዐይነት ላይ የተለመደው ፒን አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ 49 ሚሊ ሜትር ከወረደ መለወጥ አለበት። ልዩነቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስለሆነ በዐይን ግምት አይታወቅም፤ በመለኪያ መለካት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ ስንጥቅን መፈለግ ነው። ጭቃውና ግራሶው ተጠርጎ ሲታይ፣ በቀለሙ ላይ እንደ ክር የቀጠነ የዝገት መስመር ከተገኘ ከሥሩ ብረቱ ተሰንጥቆ ይሆናል። ማያያዣውን ከሻንሲው ጋር የያዙት ቡሎኖች ዙሪያ ዝገት ወይም የተፈገፈገ ምልክት ከታየም ቡሎኑ ላልቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ሳላነሣ አላልፍም። የተሰነጠቀን ቀለበት ወይም ፒን በብየዳ መጠገን ማዳን ሳይሆን ማታለል ነው። እነዚህ ብረቶች ጥንካሬያቸውን ያገኙት በፋብሪካ በተመጠነ ሙቀት ስለሆነ የብየዳው እሳት ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ስንጥቁንም ከተመልካች ይሰውረዋል። መድኀኒቱ መለወጥ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ መቆለፉን ማረጋገጥ ነው። በራሱ በሚቆለፍ ማያያዣ ላይ ትንሽ የምልክት ችንካር አለች፤ ወደ ውጭ ብቅ ብላ ከታየች ቁልፉ አልገባም ማለት ነው። ከዚህም በላይ የተሳቢው ፍሬን እንደ ተያዘ መኪናውን በዝቅተኛ ማርሽ በቀስታ ወደ ፊት ሳብ አድርጎ መፈተን ያስፈልጋል።

አምስተኛው የአየር ቱቦ ነገር ነው። ቀዩ ቱቦ ለተሳቢው አየር የሚመግብ፣ ቢጫው የፍሬኑን ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ነው። ሲቀጠል ቢጫው ይቀድማል፤ ሲፈታ ቀዩ ይቀድማል። ምክንያቱም ቀዩ ሲገባ የተሳቢው ፍሬን ሊለቅ ስለሚችል ነው። ተሳቢው በመንገድ ላይ ቢለይ እንኳ የቀዩ ቱቦ መበጠስ ፍሬኑን በራሱ ያስይዘዋል። ቱቦው ባረጀበት ወይም የተሳቢው ፍሬን በማይሠራበት መኪና ግን ይህ የመጨረሻ ተስፋ የለም።

ስለ ረዳቶችም አንድ ቃል ልጨምር። መኪናው ወደ ኋላ ሲመጣ የተሳቢውን መጎተቻ ክንድ በእጁ ይዞ በመካከል የሚቆም ወጣት ሕይወቱን ለአንድ የፍሬን ስሕተት አሳልፎ ሰጥቷል። ከጎማው ሥር ታኮ ይደረግ፤ ክንዱ አስቀድሞ ይስተካከል፤ መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ግን በመካከል ሰው አይቁም።

የአቃቂ ሜዳ ገበሬ በሬዎቹን ሲጠምድ ሞፈርና ቀንበሩን የሚያስረውን ምራን ሳይፈትሽ ጅራፉን አያነሣም። ምራኑ ቢበጠስ የሚጠፋው የአንድ ማለዳ እርሻ ነው፤ የእኛ ማያያዣ ቢለቅ ግን የሚጠፋው ነፍስ ነው። የዓመቱ ምርመራ ተደርጎ ቦሎ መለጠፉ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ቦሎው የሚመሰክረው ስለዚያች ቀን ነው፤ ብረቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላል።

ስለዚህ የማጓጓዣ ውል የምናዘጋጅ ሰዎች ዋጋውን ብቻ አይተን አንፈርም። የማያያዣው ዐቅምና የመጨረሻው ምርመራ ቀን በጽሑፍ ይጠየቁ። ሹፌሩ «ፒኑ ተበልቷልና አልሄድም» ያለ እንደሆነም፣ ዕቃው ዘገየ ብለን በስንፍና አንክሰሰው፤ ያ ሰው እኛ ልናደርገው የሚገባንን ጥንቃቄ ስለ እኛ አድርጎልናልና። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የዘገየ ዕቃ ነገ ይደርሳል፤ በመንገድ የቀረ ሰው ግን አይመለስም።