ረዥም ስሌትና አጭር ውል


ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው የዶክትሬት ማዕርጋቸውን ከያዙ በኋላ በኮምፒዩተር እየተረዱ የተፈጥሮን መሠረታዊ ሕግ ስለሚመረምሩ ወጣቶች ነው። ከእናንተም መካከል ነገ በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ይኖራሉና መንገዱን ሳያውቁ እንዳይጀምሩት እንሻለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ለምን እንዳስፈለገ እንመልከት። ሰውነታችንም ሆነ ይህ አዳራሽ ክብደቱን የሚያገኘው ባብዛኛው ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ነው። ፕሮቶን ደግሞ ሦስት ኳርኮችን የያዘ ነው። ነገር ግን የሦስቱ ኳርኮች ክብደት ቢደመር ከፕሮቶኑ ክብደት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይሆናል። የቀረው ከወዴት መጣ? ኳርኮቹን አስሮ ከያዛቸው ኃይልና ከእንቅስቃሴያቸው ጉልበት ነው። የዚህ ኃይል ሕግ በ1973 ታውቋል፤ ዳሩ ግን ሕጉን ማወቅና ከሕጉ ቁጥር ማውጣት ለየቅል ናቸው። የተለመደው የወረቀትና የእርሳስ ሒሳብ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

በ1974 ኬኔት ዊልሰን የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ አንድ ዘዴ አቀረቡ። ይኸውም ሕዋንና ጊዜን እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ ከፋፍሎ በየቋጠሮው ማስላት ነው። በ2008 ከጀርመን፥ ከፈረንሳይና ከሀንጋሪ የተውጣጣ ቡድን በዚህ መረብ ላይ ሠርቶ፥ ጥቂት የታወቁ ቁጥሮችን ብቻ ይዞ የፕሮቶንን ክብደት አገኘ፤ ስሌቱም ከልኬቱ ጋራ ገጠመ።

ልብ በሉ፤ ከዘዴው እስከዚህ መልስ 34 ዓመት አልፏል። ፕሮግራሙን የሚጽፉት፥ ስሕተቱንም የሚያድኑት ግን ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውል የተቀጠሩ ወጣቶች ናቸው። ውሉ ሊያልቅ የቀረበ ሰው ለሌላ ቦታ ማመልከት አለበት፤ ለማመልከቻውም የታተመ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ይሠራል እንጂ አያዳላም፤ የሚያዳላው መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሰው ነው። መልሱ ከሚጠበቀው ጋራ ሳይስማማ ሲቀር ስሕተት እንፈልጋለን፤ ሲስማማ ግን ደስ ብሎን እንዘጋዋለን። በዚህ መንገድ የተገኘ ስምምነት ማስረጃ አይሆንም። መረቡ በቂ ደቃቅ ነውን? መረቡ የተዘረጋበት ሣጥን በቂ ሰፊ ነውን? መልሱ ቢያምርም ባያምርም ይህን መጠየቅ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ስለዚህ አንዳንድ ቡድኖች መልካም ልማድ አበጅተዋል። ውጤታቸውን በማያውቁት ምስጢራዊ ቁጥር አባዝተው ይመረምራሉ፤ ቁጥሩ የሚገለጠው ምርመራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በአሜሪካ በፌርሚላብ ሙዮን የተባለችውን ቅንጣት መግነጢሳዊ ጠባይ የለኩት ሰዎችም የመለኪያ ሰዓታቸው ትክክለኛ ፍጥነት ተደብቆባቸው፥ ቁጥሩ በታሸገ ፖስታ ተቀምጦ ነበር።

የሙዮን ነገር ራሱ ትምህርት ነው። ፌርሚላብ የመጀመሪያ ልኬቱን ባስታወቀበት በኤፕሪል 7 ቀን 2021 በመረብ ያሰላ አንድ ቡድን ውጤቱን አሳተመ። ቁጥሩ በጊዜው ተቀባይነት ከነበረው ቲዎሪ የራቀ፥ ወደ ልኬቱ ግን የቀረበ ነበር። አያሌ ሰዎች ተጠራጠሩ። ሌሎች ቡድኖች ለብቻቸው አስልተው ካመሳከሩ በኋላ በ2025 ሊቃውንቱ የመረቡን ስሌት የቲዎሪው መሠረት አደረጉት፤ በዚያው ዓመት የወጣው የመጨረሻ ልኬትም ከእርሱ ጋራ ተስማማ። ያ ቡድን ሁሉ የሚጠብቀውን ቁጥር ብቻ ይፈልግ ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር።

እንግዲህ ወደዚህ ሥራ የምትገቡ ሁሉ፥ ፊዚክሱን ሳታውቁ ወደ ፕሮግራሙ አትቸኩሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ስንት ዓመት እንደሆነ፥ የጻፋችሁትም ፕሮግራም በስማችሁ ይታወቅ እንደሆነ ጠይቁ። የማይስማማ ቁጥር ስታገኙ አትደብቁት። እኛም እንደ ማኅበር ለረዥም ሥራ ረዥም ውል እንዲሰጥ መጠየቅ አለብን። እንጀራው በቀነ ቀጠሮ የተያዘበትን ሰው፥ አንተ ብቻህን እውነትን ጠብቅ ማለት ፍርድ አይደለምና።